ሰባተኛውና ዘጠነኛው ምዕራፍ

ቶሮንቶ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1995

ይድረስ ለወንድሜ ለካሳዬ፤

አንተም፣ ባለቤትህም፣ ልጆችህም በያላችሁበት ሰላም ሁኑልኝ። ደብዳቤህ ከደረሰችኝ ሰንብታለች፤ ቦርሳዬ ውስጥ ሆና አብራኝ ባስ ስትሳፈር ከረመች። መልስ ጠፍቶኝ አይደለም። አንዴ እሺ ካልኩ ወደ ኋላ እንደማልል ስለማውቅ ነው የዘገየሁት። አሁን እሺ ብያለሁ። የአስተማሪያችንን መጽሐፍ ላክልኝ፤ አትመዋለሁ።

ምን ሠርቼ እንደምኖር ለጠየቅከኝ፣ ቤቴ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር ነው፤ ሥራዬ ዌስተን፣ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ። የሠርግ ካርድና የምግብ ቤት ሜኑ እናትማለን። ጽሑፉን ለኅትመት በኮምፒውተር የምጽፈው፣ የምለቅመው እኔ ነኝ። ሚንስክ ድረስ ሄዳ ታሪክ የተማረች ሴት የፒዛ ዓይነት ስትለቅም ትውላለች ብለህ ሳቅ፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። አሠሪዬ ደግ የፖርቱጋል ሰው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለራሴ ጉዳይ ማሽኑን እንድጠቀም ፈቅዶልኛል።

ሪሆር ያናቪች ስሜን እንዳልረሱ ስትነግረኝ ደስታውን አልቻልኩትም። አንተ የመካኒክነት ተማሪ ስለነበርክ ለግዴታው ትምህርት ብቻ ነበር የምትመጣው፤ እኔ ግን ያስተማሩትን ሁሉ ተከታትያለሁ። ትዝ ይልሃል? ትምህርቱን በሩሲያኛ ይጨርሱና፣ በሩን ዘግተው ዋና ዋናውን በቤላሩስኛ ይደግሙልን ነበር። አንድ ቀን የት ነው የተወለድሽው አሉኝ። ደብረ ብርሃን አልኳቸው። የደብረ ብርሃንን ታሪክ ማን ጻፈው ሲሉኝ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል መቁጠር ጀመርኩ። «የነገሥታቱን አላልኩሽም» አሉኝ። «ብርድ ልብሳችሁን የሚሠሩላችሁን ሰዎች ነው የምልሽ።» ባና ሠሪዎቹን ማለታቸው ነው።

አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ለምን ራሳቸው ወደዚህ አይመጡም? እዚህ የቤላሩስ ስደተኞች ማኅበር አለ፤ ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። የግብዣ ደብዳቤ እንጽፋለን፣ ለመጽሐፉም ወረቀት እናቀርባለን ብለውኛል። እየደከመ ነው ያልከኝን ዓይናቸውንም እዚህ ሐኪም ያይላቸው ነበር።

ስልኬ ካልተነሳ ፎቁን የምንጋራውን ጋሽ ሀብተማርያምን ኮል አድርግ፤ ቁጥራቸውን ከታች ጽፌልሃለሁ። እሳቸው ያልሰሙት ነገር በዚህ ሕንፃ አይኖርም።

እኅትህ ሥርጉት


ሚንስክ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1995

ለውድ እኅቴ ለሥርጉት፤

እዚህ በረዶው ከመስኮቱ ደፍ ላይ ወጥቷል፤ እኛ ግን ሞቆን አለን። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ጽሑፉን ለፖስታ ማመን ስላልቻልኩ ሰው ስፈልግ ነው የቆየሁት። አሁን ባለቤቴ የምታውቃት አንዲት ሴት ልጇን ለመጠየቅ ወደዚያው አገር ትመጣለች፤ በእጇ ይዛልሻለች።

እዚህ ለምን እንዳልታተመ ልንገርሽ። ዘንድሮ መንግሥት የታሪክ መማሪያ መጻሕፍት ይሰብሰቡና ይለወጡ ሲል የእሳቸውም አብሮ ተሰበሰበ። ከማስተማሩም አሰናበቷቸው። ይህኛው ግን የመማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጻፉት የትውልድ ከተማቸው የሊፓቭካ ታሪክ ነው። ጀልባ ቀዛፊው፣ ሸማኔው፣ አዋላጇ፣ ሁሉም በስሙ አለ። አንድ አሳታሚ አንብቦ ወደደው። ሰባተኛውን ምዕራፍ አውጡልኝና ነገ አትመዋለሁ አላቸው።

ሰባተኛው ምዕራፍ በፈረንጆቹ 1937 የገዛ መንግሥታቸው ጫካ ወስዶ ስለረሸናቸው የከተማዋ ሰዎች ነው። አባታቸው ከነዚያ አንዱ ናቸው፤ ንብ አርቢ ነበሩ። ለእናታቸው «ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል» ብለው ነው የነገሯቸው። ሪሆር ያናቪች አድገው «አባቴን ወዴት አዛወራችሁት?» ብለው በጽሑፍ ቢጠይቁ፣ መልሱ የራሳቸው እስራት ሆነ። ሳይቤሪያን ያዩት በዚህ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ያንን ምዕራፍ አውጣ ሲባሉ ምን እንዳሉ አልጽፍልሽም፤ ሴት ፊት የሚባል አይደለም።

ወደ ካናዳ ይምጡ ላልሽው በጣም አመስግነውሻል። «አንዴ በግድ ሩቅ ወስደውኛል፤ በፈቃዴ ግን አልሄድም በልልኝ» አሉ። ዓይናቸው አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ባለቤታቸው ቬራ ታነብላቸዋለች፤ እሳቸው በቃል እየነገሯት እርማቱን ታገባለች። እኔ ከጋራዥ ስወጣ ብቅ እልና ምድጃቸውን አያለሁ፤ ሞተር ካልሆነ ነገር ሁሉ ጋር ጠብ ያለኝ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ምድጃው ግን እሺ ብሎኛል።

ወንድምሽ ካሳዬ


ቶሮንቶ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1996

ይድረስ ለካሳዬ፤

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር ደኅንነቴን እነግርሃለሁ፣ ጽሑፉም በሰላም ደርሶኛል። አንብቤ ጨርሼ ለቀማውን ጀምሬያለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ያስጫንነው የሩሲያኛ ፊደል ስለሆነ፣ ያቺ ባርኔጣ የደፋችው የቤላሩስኛ ፊደል የለችበትም። ባርኔጣውን ራሴ እየሳልኩ በየቃሉ ላይ እደፋለሁ። አሠሪዬ «የሩሲያኛውን ፊደል እንዳለ ብትተዪውስ፣ ማን ያይብሻል?» አለኝ። እሳቸው በጣታቸው ዳብሰው ያውቁታል አልኩት።

የማኅበሩን ነገር ልንገርህ። ባልጽፍልህ እመርጥ ነበር፤ ግን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። የኮሚቴው ሰዎች ሰባተኛውን ምዕራፍ አንብበው አለቀሱ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ገጾቹን አጥፈው መለሱልኝ። ጀርመን ሊፓቭካን በያዘ ጊዜ ፖሊስ ሆነው ያገለገሉ የከተማዋ ልጆች አሉ፤ አይሁድ ጎረቤቶቻቸውን ከየቤታቸው እያወጡ ወደ ጉድጓዱ የነዱ። ሪሆር ያናቪች የሟቾቹንም የነጂዎቹንም ስም ጽፈዋል። ከነጂዎቹ ዘመዶች ጥቂቶቹ እዚሁ ቶሮንቶ ናቸው።

ሊቀ መንበሩ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና፣ ያለ ዘጠነኛው ምዕራፍ ወረቀቱ ነገ ይመጣል አለኝ። ሽማግሌዎችን በእርጅናቸው ማሳፈር ምን ይጠቅማል? ደግሞስ አንቺ ከሩቅ አገር የመጣሽ ልጅ በእኛ ጣጣ ምን አገባሽ? አለኝ።

ይሄኛው አንገበገበኝ። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለህ አይደል? ባትመጣም ትገምተዋለህ። በቀይ ሽብር ልጇ የተገደለባት እናትና የቀበሌ አብዮት ጠባቂ የነበረው ሰው አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ያስቀድሳሉ። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወራም። ስለዚህ ለሊቀ መንበሩ፣ ያገባኛል፣ ከየትኛውም ሰው ይልቅ ያገባኛል አልኩት። ነገር ግን መጽሐፉ የእኔ አይደለምና ባለቤቱን ሳልጠይቅ መልስ አልሰጥም ብዬ ወጣሁ።

ጠይቅልኝ። ሳታለሳልስ ንገራቸው።

ሥርጉት


ሚንስክ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1996

ለእኅቴ ለሥርጉት፤

የጤናሽን ነገር ከልብ እየጠየቅኩ፣ ያዘዝሽኝን እንዳዘዝሽኝ አደረስኩ። ሳላለሳልስ።

ሪሆር ያናቪች ወንበራቸው ላይ ሆነው ሰሙኝ። ቬራ ሻይ ልትቀዳ ተነሥታ እንደቆመች ቀረች። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳቅ ጀመሩ፣ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ውሃ ሰጠናቸው። ከዚያ የተናገሩትን ቬራ እንደ ቃሉ አጽፋኛለች፦

«ሚንስክ ሰባተኛውን ቁረጥ አለኝ። ቶሮንቶ ዘጠነኛውን ቁረጥ ይለኛል። ሁለቱንም እሺ ብዬ ብሰማ፣ በከተማዬ ማንም ማንንም አልገደለም ማለት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ? ተዛወረ እንበል?»

ቀጥለውም፣ ሥርጉት ያለ ወረቀት መቅረቷ ያሳዝነኛል፣ ብትተወውም አልቀየማትም በላት አሉኝ። እኔ ግን ሥርጉት አትተወውም አልኳቸው። የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

እዚህ የሚሆነውን ሁሉ መጻፍ አያስፈልግም። ሁለት የመንግሥት ሰዎች መጥተው ስለ ጽሑፉ ጠይቀዋቸው ነበር። ጽሑፉ ባሕር ማዶ ነው ሲሏቸው ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ። ቬራ እንግዳዋ ሻይ ሳይጠጣ ሲሄድ ደስ ያላት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ካሳዬ


ቶሮንቶ፣ ጁን 16 ቀን 1996

ይድረስ ለካሳዬ፤

ክረምቱ አልቆ እዚህ ሰው ሁሉ ፓርክ ወጥቶ ሥጋ ይጠብሳል። እኔ ማተሚያ ቤት ነኝ፣ ደኅና ነኝ።

መልሳቸውን ስነግረው ማኅበሩ እጁን አወጣ። ወረቀቱ ከየት ይመጣል ብለህ እንዳትጨነቅ፣ አሠሪዬ ከትልልቅ ሥራዎች የሚተርፈውን ሊሰጠኝ ፈቅዷል። መልኩ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ አንዱ ክፍል ነጣ፣ አንዱ ቡላ ይላል። መጽሐፉ እንደ ጥገት ላም ዥንጉርጉር ሆኖ ቢወጣ ሪሆር ያናቪች እንደሆኑ አያዩት፣ ቬራም ይቅር ትለኛለች።

አሁን ግን ከወር በፊት አንድ ቅዳሜ የሆነውን ልንገርህ። ብቻዬን እየሠራሁ ሳለሁ አንድ ረጅም ሽማግሌ በሩን ከፍቶ ገባ። ከኮሚቴው ስብሰባ አወቅኩት፤ ያን ቀን ከሁሉ ዳር ተቀምጦ አንድም ቃል ያልተናገረው ነው። አንቶን ይባላል፤ ጡረታ የወጣ አናጢ፣ ከሬክስዴል በሁለት ባስ የመጣ። ዘጠነኛውን ምዕራፍ አሳዪኝ አለኝ። ልቤ ፈራ፤ ቀድዶ ቢጥለውስ ብዬ። ግን ሰጠሁት።

መስኮቱ ጋ ቆሞ አነበበ። አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ በቤላሩስኛ እንዲህ አለኝ፦ «እዚህ ላይ የአባቱን ስም ተሳስታችኋል። የሚካስ ልጅ አይደለም፣ የማኬይ ልጅ ነው።»

እንዴት አወቅህ አልኩት።

«ወንድሜ ነዋ» አለ። «የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ሚስት ከነልጇ ሲነዳት እኔ አጥሩ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። ሃምሳ ዓመት ለልጆቼ በጦርነቱ ሞተ ብቻ ነው ያልኳቸው። ስሙ መጻፉ ካልቀረ በትክክል ይጻፍ።»

ሚካስ የሚለውን አጥፍቼ ማኬይ ብዬ ለቀምኩት። እስክጨርስ ኋላዬ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለና ምን ላግዝሽ አለኝ። ካሳዬ፣ የአናጢ እጅ ወረቀት ሲያጥፍ አይተህ አታውቅም። ጠርዙን አንድ ጊዜ በጥፍሩ ካስኬደበት አይነቃነቅም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አንድም ቀን አልቀረም። ከማኅበሩ ሰዎች ገሚሱ ሰላምታ ነሥተውታል፤ እሱ ግን ጆሮዬም ስለደከመ አልሰማቸውም ይላል።

የእርማቱን ገጾች ልኬያለሁ። ጤናቸው እንዴት ነው? ሳሉስ?

ሥርጉት


ሚንስክ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1996

ለእኅቴ ለሥርጉት፤

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ደብዳቤዎችሽ ሦስቱም ደርሰውኛል። አንዱንም በጊዜው ባለመመለሴ አትቀየሚኝ፤ በጋው ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ቬራ የእርማቱን ገጾች በሙሉ አይታ ጨርሳለች። ያጠራጠረሽን የወንዙን ስም የጻፍሽው ልክ ነው ብላለች። የአንቶንም እርማት ይግባ ብላለች፤ ያንን ሳነብላት አልቅሳለች። የመጨረሻውን ገጽ እንዳለ ተዪው፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።

ስለ ጤናቸው ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ደግሞ መጽሐፉ መቼ እንደሚያልቅ ልጠይቅሽ። ቬራ ቀን ከሌት የምታስበው እሱን ብቻ ነው። በርቺ። እጅሽ አይላላ። ሲያልቅ ወዲያው ቴሌግራም ላኪልኝ።

ወንድምሽ ካሳዬ


ቶሮንቶ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 1996

ይድረስ ለወንድሜ ለካሳዬ፤

አልቋል ብዬ ቴሌግራም በላክሁልህ በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ሀብተማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ከኋላቸው የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ተሻለች፣ ቄሱም፣ ሌሎችም። ማንም ሰላም አላለኝም። በማለዳ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

«እናቴ ናት?» አልኩ።

ጋሽ ሀብተማርያም እጄን ያዙኝ። «እናትሽ ደኅና ናቸው፣ ልጄ። አስተማሪሽ ናቸው ያረፉት። ካሳዬ ደውሎ አደራ ብሎኝ ነው።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ስሜት እፎይታ ነው። እናቴ አይደለችም የሚል እፎይታ። ወዲያው በራሴ አፈርኩ፤ ለቅሶዬም ከዚያ በኋላ መጣ፣ እንዲህ እንደማለቅስ አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ሳያዩአቸው፣ ስማቸውን እንኳ በወጉ ሳይጠሩ አብረውኝ አለቀሱ። ፍራሽ ወለል ላይ ተነጠፈ፤ ተሻለች ወጥ ሠርታ አመጣች። ቄሱ ጸሎት ሊያደርሱ፣ ስማቸው ማን ነው አሉኝ። ሪሆር ስል ግራ ገባቸው። በእኛ ጎርጎርዮስ ማለት ነው ብዬ አስረዳሁ። «ጎርጎርዮስ ካልሽማ ምን ያስቸግራል» ብለው ቀጠሉ።

ለአንቶን ኮል አድርጌለት ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ጥቁር ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ረጅም እግሩን እንዴት እንደሚያጥፈው ጨንቆት ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ወንዶቹ ካርታ ሲጫወቱ አይቶ ደነገጠ፤ ጋሽ ሀብተማርያም ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው፣ ሰው ከኀዘንተኛ ጋር ለማምሸት ነው የሚጫወተው ብለው አስረዱት፣ እኔ አስተረጎምኩ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ካርታ ያዘ። ሦስቱንም ቀን እየመጣ ተቀመጠ። ከማኅበሩ ማንም የመጣ የለም፤ ሊቀ መንበሩ ብቻ አበባ ልኳል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ጋሽ ሀብተማርያም እንደነገሩኝ በኦገስት አርፈው፣ እስከ ኖቬምበር ለምን ደበቅከኝ ብዬ ልቆጣህ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ቀድሜ የሴፕቴምበር ደብዳቤህን አውጥቼ አነበብኩት። አንድም ቦታ «ደኅና ናቸው» አላልክም። እጅሽ አይላላ ያልከኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። የቬራ ሐሳብ እንደሆነም ጋሽ ሀብተማርያም ነግረውኛል። ያን ጊዜ ብትነግረኝ መጽሐፉን እጨርሰው ነበር፤ ግን የዘጠነኛውን ምዕራፍ ገጾች ሳትም ማሽኑን ደጋግሜ ማቆሜ አይቀርም ነበር። ይቅርታ መጠየቅ የለብህም።

መጽሐፉን ከሚሄደው ሰው ሁሉ ጋር፣ ሻንጣው በቻለው መጠን እልካለሁ። የቀረውን በካርቶን አሽገን በጭነት ልከነዋል። የመጀመሪያውን ለቬራ ስጥልኝ።

እኅትህ ሥርጉት


ሚንስክ፣ ማርች 23 ቀን 1997

ለእኅቴ ለሥርጉት፤

እንዴት ከረምሽ ብዬ ልጀምርና ወሬዬን ሳልነግርሽ መጠበቅ አልችልም። በሰው እጅ የላክሻቸው ሁሉም ደርሰዋል። ካርቶኑ ድንበር ላይ ተይዞ ቀርቷል፤ ይመለሳል አትበዪ። የመጀመሪያውን ለቬራ ሰጠኋት። ዥንጉርጉር ወረቀቱን እየገለጠች አየችና፣ ሪሆር በሕይወቱ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ አያውቅም፣ ይመስለዋል አለች።

ባለፈው እሑድ ሊፓቭካ ሄድን። መጽሐፉን በከተማዋ አዳራሽ ልናነብ ተፈቅዶልን ነበር። ስንደርስ አዳራሹ ተቆልፏል፣ ቁልፍ ያዡም የሄደበት አይታወቅም። ሰዉ በረዶው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሪሆር ያናቪች የድሮ ተማሪ የሆነች የመንደር አስተማሪ ቤቴ ግቡ አለች፤ ገባን፤ ቦታ ያጣው ከውጭ በመስኮት በኩል ቆመ።

ሰባተኛውን ቬራ አነበበች። የአባታቸው ስም ላይ ስትደርስ ሰዉ ኮፍያውን አወለቀ። ዘጠነኛው ላይ ግን አንባቢ ጠፋ። ቬራ ማን ያነባል ብላ ዞር ዞር አለች፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እዚያ ቤት ውስጥ ከሟቾቹ ወገን የቀረ ሰው የለም፤ ከነጂዎቹ ወገን ግን አለ። መጽሐፉን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ምንም ዘመድ የለኝምና አነበብኩ፣ ሥርጉት፣ በዚያ በጋራዥ ቤላሩስኛዬ። የሰፊውን ሚስትና የልጇን ስም አነበብኩ። የማኬይን ልጅ ስም አነበብኩ። አንድ ሽማግሌ በሩን ከፍቶ ወጣ። ተቆጥቶ ሄደ ብለን ስንቀጥል፣ በረዶውን ከጫማው አራግፎ ተመልሶ ገባና በሩ አጠገብ ቆመ። እስክጨርስ አልተቀመጠም።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። አንዲት አሮጊት ግን ተነሡ። ከጦርነቱ በኋላ ስላለው፣ ከጉድጓዱ ተርፋ ስለተመለሰች አንዲት ልጅና ቤቷን ስለከለከሏት ሰዎች ለምን አልተጻፈም አሉ። ሪሆር ያናቪች ያንን ሳያውቁት አረፉ አለቻቸው ቬራ። «እኔ አውቃለሁ» አሉ አሮጊቷ። «ቤቷን ከከለከሏት አንዷ እናቴ ናት።» ከዚያ ሌላ ሰው ተነሣ። ከዚያ ሌላ። የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠን።

አሁን ቬራ እንቅልፍ የላትም። የሰዉን ቃል ትመዘግባለች፣ እኔም እመዘግባለሁ። ግን እሷ ታሪክ ጸሐፊ አይደለችም፣ እኔም መካኒክ ነኝ። ይህ ነገር መጽሐፍ ይሆናል ትያለሽ?

ካሳዬ


ቶሮንቶ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1997

ይድረስ ለካሳዬ፤

ቬራን በእኔ ፈንታ ጉልበቷን ስመህ ሰላም በልልኝ።

ደብዳቤህን ለአንቶን አነበብኩለት። በሩ አጠገብ የቆመው ሽማግሌ መልኩ ምን እንደሚመስል ጻፍለት፤ የሚያውቀው ይመስለዋል። ስለ ካርቶኑ አትዘን። ገጾቹ እኔ ጋ ናቸው፤ እንደገና እናትማለን። ከኮሚቴውም ሁለት ሰዎች፣ ተራ በተራ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ ማተሚያ ቤት ድረስ መጥተው መጽሐፉን ወስደዋል።

መጽሐፍ ይሆናል ወይ ላልከው፣ ይሆናል። አሮጊቷ በነገሩህ ጀምር። እናታቸው ልጅቷን ቤቷን የከለከሉበትን ነገር በእሳቸው አፍ እንደተናገሩት ጻፈው፤ አታለሳልሰው፣ አታሳምረው። ሌላው ሰው ሲናገር አታቋርጥ። የጨረስከውን ክፍል በሚመጣ ሰው እጅ ላክልኝ፣ ሁሉም እስኪያልቅ አትጠብቅ።

ቤላሩስኛህ ላይ ስትሳሳት እኔ አርምሃለሁ።

ሥርጉት